ብራውዘሬን ለወጥሁ፤ ጣቶቼ ግን አልሰሙም



ይህ ገጽ ዘወትር የሚያነሣቸውን ጉዳዮች ታውቃላችሁ። ስለ ሹም ሽር፣ ስለ በጀት፣ ስለ ሕግና ስለ ሕግ አልባነት ስንነጋገር ከርመናል። ዛሬ ግን በኮምፒውተር መስኮት አናት ላይ ተደርድረው ስለሚታዩት ትንንሽ የገጽ ምልክቶች መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። «ሰውየው የሚጽፈው አጣ» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ቢሆንም ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ ከመስኮቱ አናት ተነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚወስድ ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ክረምት ለብዙ ዓመታት ያገለገለኝ ኮምፒውተር ላይነሣ ወደቀ። አዲሱን ያሰናዳልኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክበኝ፣ «ጋሼ፣ ክሮምን አልጫንኩልዎትም። ፋየርፎክስን አንድ ወር ይሞክሩት፤ ካልተስማማዎት መጥቼ እመልስልዎታለሁ» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው ስለ ማስታወቂያ ከልካዮች ረጅም ገለጻ አደረገልኝ። ጉግል ከ2024 እስከ 2025 ባለው ጊዜ የቀድሞውን የቅጥያ ሥርዓት ከክሮም ደረጃ በደረጃ አስወግዶ ነበር፤ በዚሁ ሳቢያ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ከልካይ በክሮም ላይ መሥራት ሲያቆም በፋየርፎክስ ላይ ቀጥሏል። ልጁ በነገሩ የቆረጠ ነውና አልተከራከርሁትም።

እኔ ከ2009 ጀምሮ ክሮምን ስጠቀም የኖርሁ ሰው ነኝ። ልጁ ከአሮጌው ዲስክ ዕልባቶቼን፣ የይለፍ ቃሎቼን፣ የጎበኘኋቸውን ገጾች ዝርዝር ሳይቀር በጥቂት ደቂቃ ወደ አዲሱ አሻገረልኝ። አንድም የጎደለ ዕቃ አልነበረም። ይሁንና ቤት የለወጠ ሰው፣ ጓዙ ሁሉ በደኅና ገብቶለት ሳለ፣ ሌሊት በጨለማ የመብራት ማብሪያውን በድሮው ግድግዳ በኩል ሲዳብስ እንደሚያመሽ የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። «ታብ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው በኪቦርዱ ግራ ጠርዝ ያለው ቁልፍ ሲሆን ሁለተኛው እያንዳንዱን የተከፈተ ገጽ የሚወክለው፣ በመስኮቱ አናት የሚደረደረው ምልክት ነው። የክሮም የአማርኛ ገጽ ሁለተኛውን «ትር» ብሎ ሰይሞታል። መጀመሪያ ሳየው የልብ ትርታ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማደናገሪያው መፍትሔ ስለሆነኝ እዋሰዋለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቁልፉ ታብ፣ የገጹ ምልክት ትር ነው።

እንግዲህ ኮንትሮል የሚባለውን ቁልፍ ይዞ ታብን መጫን ከአንዱ ትር ወደ ሌላው ያሸጋግራል። በሁለቱም ብራውዘሮች ያሸጋግራል። ልዩነቱ ወዴት ነው የሚለው ላይ ነው። ክሮም በሰልፉ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ካለህበት ትር በስተቀኝ ወዳለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ፋየርፎክስ ግን ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ለአዲስ ተጠቃሚ በሰልፍ ሳይሆን በትዝታ ይሄዳል፤ ከአሁኑ በፊት ወደነበርህበት ትር ይመልስሃል፣ የትም ይቀመጥ የት። ዊንዶውስ ላይ ኦልት የሚባለውን ቁልፍ ይዘን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ስንዘል የምናየው ሥርዓት ይኸው ነው። ሁለቱም ሥርዓቶች የራሳቸው አእምሮ አላቸው፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አልመጣሁም። ጣቶቼ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የተማሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

ጉዳቱ የደረሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሦስት ትሮች ከፍቻለሁ። በስተግራ የዕድራችን ጸሐፊ የላከልኝ ኢሜይል፣ በመካከል የመዋጮውን ሒሳብ የማመሳክርበት ሰነድ፣ በስተቀኝ ከወንድሜ ጋር የምጻጻፍበት ኢሜይል። የጸሐፊውን አነበብሁ፤ ወደ ሒሳቡ ተሻገርሁ፤ ደመርሁ፤ አልገጠመልኝም። ከዚያም ኮንትሮልን ይዤ ታብን አንድ ጊዜ ነካሁና ለወንድሜ፣ «ይህ ሰውዬ ዘንድሮም የአንድ ወር ገንዘብ አጉድሏል፤ በጉባኤው ላይ አንተ ካላነሣኸው እኔ አነሣዋለሁ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። በክሮም ሕግ በስተቀኝ ወዳለው ወደ ወንድሜ እሄድ ነበር። በፋየርፎክስ ሕግ የተመለስሁት ወደመጣሁበት፣ ወደ ጸሐፊው ነው። ሁለቱም የኢሜይል ገጾች ናቸው፤ መልካቸው አንድ ነው፤ የመልስ መጻፊያውም በሁለቱም ተከፍቶ ነበር። ስሙን ቀና ብሎ ማየት ይገባኝ ነበር። አላየሁም።

መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰኝ፦ «ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቅዳሜ መዝገቡን ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም። ቅዳሜ መዝገቡን ታቅፎ መጣ፤ ቡና ተፈላ፤ ገጽ በገጽ ገለጠልኝ። ጥር ወርን ሁለት ጊዜ የቆጠርሁት እኔ ነበርሁ። ሃያ ዓመት ያለ ክፍያ ያገለገለን ሰው ፊቴ ተቀምጦ ስኒውን ሲያዞር፣ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ ሐሜቱ ይሁን ስለ ቁልፉ ለመለየት ተቸገርሁ። ስለ ቁልፉ ልነግረው ሞክሬ ነበር። በትዕግሥት ሰማኝ፤ እንዳላመነኝ ግን ታወቀኝ።

ሌሎቹ ልዩነቶች እንዲህ አላዋረዱኝም፤ ቢሆንም አደከሙኝ። እኔ ትር የማልዘጋ ሰው ነኝ፤ ሠላሳና አርባ ገጽ ከፍቶ ማደር ልማዴ ነው። በክሮም ትሮቹ በበዙ ቁጥር እየጠበቡ ሄደው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናሉ፤ አርእስታቸው ባይነበብም ሁሉም በዓይንህ ሥር ናቸው። ፋየርፎክስ ግን ከተወሰነ ስፋት በታች አያጠባቸውም፤ የተረፉት ከጠርዙ ባሻገር ይሰወራሉ፣ ለማየት ሰልፉን ወደ ጎን ማንሸራተት ያስፈልጋል። እኔም የተሰወረውን የጠፋ እየመሰለኝ እንደገና እከፍት ነበር። አንድ ቀን አንድ አዋጅ በአራት ትር ተከፍቶ አገኘሁት። ድምፅ የሚያሰማውን ትር የድምፅ ማጉያ ምልክቱን ጠቅ በማድረግ ዝም ማሰኘት መቻሉ ደግሞ የወደድሁት ነገር ነው፤ ለፍትሕ ያህል ይመዝገብልኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት መጣ? ደግሞስ ያ የለመድሁት ሥርዓት መቼና በማን ፈቃድ የእኔ ሆነ?

የእኔ ትውልድ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀው በካፌ ነው። በ2004 ገደማ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት በአንዱ አዘውትሬ እቀመጥ ነበር። ክፍያው በደቂቃ ተቆጥሮ ነው። አንድ ገጽ እስኪወርድ ሻይ አዝዞ መጠጣት ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን እየቆጠረ ነው። የሁላችንም ብራውዘር የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ሲሆን ትር የሚባል ነገር አያውቅም። አምስት ገጽ የሚፈልግ ሰው አምስት መስኮት ይከፍታል፤ የማያው ግርጌ በመስኮት ስም ይሞላል፤ አቅመ ደካማው ኮምፒውተር ማቃሰት ይጀምራል። አንድ ቀን የካፌው ልጅ ወዲያው የወጣውን ፋየርፎክስ 1.0 ጭኖ አሳየኝ። የወጣው ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ነው። አንዱን ገጽ እያነበብሁ ሌሎቹን አራት በስተጀርባ በትር እንዲወርዱ መተው! ፈጣን መስመር ያለው የበርሊን ወይም የቦስተን ሰው ትርን የወደደው መስኮቱ እንዳይዝረከረክበት ብሎ ይሆናል። እኛ የወደድነው የምንከፍልባቸው ደቂቃዎች በባዶ ማያ ላይ እንዳይባክኑ ነው። በ2006 መጨረሻ የወጣው ፋየርፎክስ 2 ደግሞ መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ የነበሩትን ትሮች መልሶ መክፈት ቻለ። ይህ በእኛ ሰፈር ምን ያህል ውለታ እንደነበረ ለማንም ማስረዳት አያሻኝም።

ለመሆኑ በዚያን ጊዜ ገበያውን ከ90 በመቶ በላይ የያዘው ብራውዘር ትርን ለምን አልነበረውም? ኦፔራና ሞዚላ ቀድመው ነበራቸው። ሞዚላ በ2001 መገባደጃ ሲያስገባው ኦፔራ ከዚያ በፊት ጀምሮ ብዙ ገጾችን በአንድ መስኮት ውስጥ ይይዝ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የወጣው በኦገስት 2001 ነው፤ ቀጣዩ፣ ትር ያለው 7ኛው፣ የወጣው በኦክቶበር 2006። አምስት ዓመት ሙሉ! በዚህ መካከል ያለው ጸጥታ የምሥጢር ጉዳይ አይደለም። ተፎካካሪው ኔትስኬፕ ወድቋል፤ ተጠቃሚው ዊንዶውስን ሲከፍት ኤክስፕሎረር አብሮ ይጠብቀዋል፤ ታዲያ ለማን ተብሎ ይሻሻል? ፋየርፎክስ ተነሥቶ ተጠቃሚ መንጠቅ ሲጀምር ነው እንቅልፉ የተቀሰቀሰው።

ይህን ጉዳይ ፍርድ ቤት አይቶታል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርና በርካታ ክፍላተ ግዛት ማይክሮሶፍትን የከሰሱት በሜይ 1998 ነው። ዳኛው ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በጁን 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል አዘዙ፤ የይግባኝ ሰሚው ችሎት በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ብቸኛ የበላይነቱን በሕገ ወጥ መንገድ እንደጠበቀ አጽንቶ፣ የመከፈሉን ትእዛዝ ግን ሻረ። አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደች። በ2010 ዊንዶውስን ለሚጠቀም አውሮፓዊ አሥራ ሁለት ብራውዘሮችን የሚዘረዝር የምርጫ ሰሌዳ እንዲታየው ተደረገ። ማይክሮሶፍት ሰሌዳውን ከሜይ 2011 እስከ ጁላይ 2012 ሳያሳይ በመቅረቱ በ2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጣለበት። ከማርች 2024 ጀምሮ ደግሞ አዲሱ የአውሮፓ የዲጂታል ገበያ ሕግ ተመሳሳይ ሰሌዳ በስልኮች ላይ አመጣ።

የቅርቡን ደግሞ እንመልከት። በኦገስት 2024 ዳኛው አሚት ሜህታ ጉግል በፍለጋ ገበያ ላይ ያለውን ብቸኛ የበላይነት በሕገ ወጥ መንገድ እንደያዘ ፈረዱ። በውሳኔው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ልጥቀስ፦ ጉግል በ2021 ዓመት ብቻ የፍለጋ አገልግሎቱ በሌሎች ስልኮችና ብራውዘሮች ላይ ነባሪ ሆኖ እንዲቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ነባሪ ማለት ማንም ሳይመርጠው አስቀድሞ ተመርጦ የሚገኝ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ገንዘቡ የተከፈለው ሌላውን ለመከልከል አልነበረም። ማንም ሰው በሁለት ጠቅታ ሊለውጠው ይችል ነበር። የተከፈለው ሰው እንደማይለውጠው ስለሚታወቅ ነው። በሴፕቴምበር 2025 በተሰጠው የመፍትሔ ውሳኔ ጉግል ክሮምን እንዲሸጥ አልተገደደም፤ ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎች ቢከለከሉም ለነባሪነት መክፈሉ አልተከለከለም።

አንባቢ ሆይ፣ በእነዚህ ሁሉ ክርክሮች ውስጥ ዳኞቹም ሕግ አውጪዎቹም የመረመሩት በሩን ነው። በሩ ክፍት ነው ወይ? ሌላ በር ይታያል ወይ? በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ጉቦ ተቀብሏል ወይ? መልካም ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን በሩን አልፎ የገባው ሰው በሁለተኛው ሳምንት የሚገጥመውን ማንም አልመረመረውም። የምርጫ ሰሌዳው ሥራ ሰውየው ጠቅ ባደረገ ጊዜ ያበቃል። የእኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። እኔን በክሮም ያቆየኝ ውል ወይም ክፍያ አልነበረም፤ አንድ ቁልፍ ወዴት እንደሚወስደኝ ጣቶቼ ማወቃቸው ነበር። ዓለም ላይ ካሉት የብራውዘር ተጠቃሚዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ በዚያው ልማድ ውስጥ ነው። ኩባንያው ለዚህ ልማድ ለእኔ ሳንቲም አልከፈለኝም፤ በነጻ ነው የገነባሁለት።

ልማድ ደግሞ ተፈጥሮ አይደለም፤ የተሠራ ነገር ነው። ለዚህ የፋየርፎክስን የራሱን ታሪክ እጠቅሳለሁ። እስከ 2009 ድረስ በፋየርፎክስ ውስጥ ከአንድ ገጽ ላይ የከፈትኸው አዲስ ትር በሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበር የሚገኘው። በጃንዋሪ 2010 የወጣው 3.6ኛው ግን አዲሱን ትር ከወላጁ ገጽ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ክሮም ከመነሻው የሚያደርገውን ማለት ነው። ያን ጊዜ ያጉረመረመው ብዙ ነበር። ሞዚላም በጥልቁ ቅንብር ውስጥ የድሮውን የሚመልስ መቀየሪያ ተወለት። ዛሬ አብዛኛው ሰው ልጅ ትር ከእናቱ አጠገብ መቆሙን እንደ ፀሐይ መውጣት ያየዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የኦፔራ ተጠቃሚዎች ዕጣ ነው። ኦፔራ በ2010 መጨረሻ ትርን በትር ላይ ደራርቦ መያዝን አምጥቶ ነበር፤ በ2013 የራሱን ሞተር ጥሎ በክሮሚየም ላይ ሲሠራ ያ ሁሉ የረቀቀ የትር አያያዝ አብሮ ቀረ። ቤታቸው ፈርሶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስም ሌላ ቤት ተሠራባቸው። ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዮን ቮን ቴትሽነር ቪቫልዲ የተባለውን ብራውዘር በ2016 ያወጣው ለእነዚህ ተፈናቃዮች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ብራውዘር አዲስ ትር የት እንደሚከፈት፣ አንዱ ሲዘጋ የትኛው እንደሚነሣ፣ ሽግግሩ በሰልፍ ይሁን በትዝታ፣ ሁሉም በተጠቃሚው እጅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። አዲስ ብራውዘር ስትከፍት «ዕልባትህን ላምጣልህ? የይለፍ ቃልህንስ?» ብሎ ይጠይቅሃል። ጓዝህን በሙሉ ይሸከምልሃል። ልማድህን ግን አይጠይቅም። ከየት እንደመጣሁ እያወቀ፣ ዕቃዬን ራሱ ከክሮም ውስጥ እያወጣ፣ «በመጣህበት አገር ይህ ቁልፍ ወደ ቀኝ ይወስድ ነበር፤ እዚህ ወደ ኋላ ይመልሳል። የቱን ትሻለህ?» ብሎ ለመጠየቅ አንድ ተጨማሪ ገጽ በቂ ነበር። በፋየርፎክስ መቀየሪያው አለ፤ በቅንብሩ ውስጥ ስለ ትር በሚናገረው ክፍል ያለች አንዲት ሳጥን ናት፤ ምልክቷን ብታነሣ ሽግግሩ በሰልፍ ይሆናል። እኔ ያገኘኋት ከቅዳሜው ቡና በኋላ ነው። በክሮም በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለች ሳጥን በቅንብሩ ውስጥ አላየሁም። ይህ ልዩነት ከሁሉም ልዩነቶች ይበልጥብኛል። አንደኛው ሥርዓት ሊለወጥ የሚችል ሕግ አለው፤ ሌላኛው ሕጉን እንደ አየር ጠባይ ነው የሚያቀርበው።

የብራውዘር ሠሪዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ መቀየሪያ ሸክም ነው ይላሉ። አሥር ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቤት 1,024 ዓይነት ቤት ነው፤ ሁሉንም መፈተሽ የሚችል የለም። መቀየሪያ ሲበዛ ደግሞ ሰው ሳያውቅ ነክቶት «ተበላሸብኝ» ብሎ ይመጣል። ይህን ክርክር የእኅቴ ልጅም አንሥቶብኛል፤ ሥራው ስለሆነ ያውቀዋል። አልክደውም። እኔ ግን ስለ አንድ ሺህ መቀየሪያ አልጠየቅሁም። ጣት ሳያስብ ስለሚያደርጋቸው ሦስት አራት ነገሮች ነው የምናገረው፦ ሽግግሩ ወዴት ነው፣ አዲሱ ትር የት ይቆማል፣ አንዱ ሲዘጋ ማን ይተካል፣ ሲበዙ ይጠባሉ ወይስ ይሰወራሉ።

እዚህ ላይ የራሴ ክርክር እኔኑ እንደሚወጋኝ መደበቅ አልሻም። ሳጥኗን አግኝቼ ምልክቷን አነሣሁ፤ የድሮው ሕግ ተመለሰ፤ ደስ አለኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የበጀት ሰነድና ስለ እርሱ የተጻፈ ዘገባ ጎን ለጎን ማመሳከር ነበረብኝ። ሁለቱ በሰልፉ ውስጥ በዘጠኝ ትር ተራርቀው ነበር። ልጁ ሊጎበኘኝ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ያችን ሳጥን ለዛሬ መልሷት» አለ። መለስኋት። አንድ ጊዜ ስነካ ወደ ዘገባው፣ አንድ ጊዜ ስነካ ወደ ሰነዱ። ሥራዬ በግማሽ ቀለለኝ። ልማዴን ገና በበሩ ላይ ይዤ እንድገባ ቢፈቀድልኝ ኖሮ ይህን ፈጽሞ አላውቀውም ነበር። እንግዲህ ልማድን ማሻገር ሰውን ባለበት ማስቀረት ነው የሚል ቢነሣ ምን እመልሳለሁ? ይህን ያህል ነው የምለው፦ እምቢ እንድል አይደለም የፈለግሁት፤ ሕጉ መለወጡን የሚነግረኝ ሰው በበሩ ላይ እንዲቆም ነው። ቢነገረኝ ኖሮ ምናልባት አዲሱን እመርጥ ነበር፤ ምናልባትም አልመርጥም። የዕድሩ ጸሐፊ ግን ደብዳቤዬን ባላነበበ።

ስለ ፋየርፎክስ ይህን ሁሉ ስል ዐመፀኛውን ጻድቅ ማድረጌ አይደለም። የሞዚላ ገቢ አብላጫው ክፍል የሚመጣው የጉግል ፍለጋ በፋየርፎክስ ላይ ነባሪ እንዲሆን ከሚከፈለው ገንዘብ ነው። ዐመፀኛው እንጀራውን የሚበላው ከንጉሡ ማዕድ ነው ማለት ነው፤ ዳኛው ሜህታ ክፍያውን ጨርሰው ቢከለክሉት ኖሮ ንጉሡ ሳይሆን ዐመፀኛው ቀድሞ ይራብ ነበር የሚለው ሥጋትም ያለ ምክንያት አልተነሣም። ሌላም አለ። ክሮም ምናሌዎቹን በአማርኛ ያቀርባል። አማርኛው አንዳንዴ ያስቃል፤ ቢሆንም እናቴ «አዲስ ትር» የሚለውን አንብባ መክፈት ትችላለች። በፋየርፎክስ ከቀረቡት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አማርኛን ፈልጌ አጣሁት። ያችን ነጻ የምታወጣ ሳጥን የማገኛት በእንግሊዝኛ ነው። በኮምፒውተሬ ላይ ነጻነትና ቋንቋዬ በሁለት የተለያዩ ብራውዘሮች ውስጥ ይኖራሉ። ፋየርፎክስ ክፍት ነው፣ ማንም ሊተረጉመው ይችላል የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው። እንግዲያው ጥያቄው ወደ እኛው ይመለሳል፤ ስለ አማርኛ ክብር በየገጹ የምንጽፈው ሰዎች ምናሌ ለመተርጎም ስንት ምሽት ሰጥተናል? እኔ አንድም አልሰጠሁም።

ወሩ ካለቀ ቆይቷል። ልጁ «ልመልስልዎት?» ብሎ ደውሎ ነበር፤ ተወው አልሁት። ሳጥኗ ምልክቷ ላይ ናት። በእኅቴ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ ግን አሁን የምሳሳተው በተቃራኒው ነው፤ ወደ ኋላ ልመለስ ስል ወደ ቀኝ እወሰዳለሁ። የዕድሩ ጉባኤ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ነው። የሒሳብ ሪፖርቱ ሲቀርብ ቀድሜ ተነሥቼ እንዲጸድቅ ሐሳብ ለማቅረብ ወስኛለሁ፤ ጸሐፊው ይህን አያውቅም። ለወንድሜም በኢሜይል ሳይሆን በስልክ ነው የነገርሁት።

ቸር ያሰንብተን።